የሞቱ ገጸ ባሕርያት በድምፅ ድራማ ሲመለሱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። በእንግሊዝ አገር ስኖር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የአገሩን ቋንቋ እንድለምድ ከረዱኝ ነገሮች አንዱ የቢቢሲው የሳይንስ ልብወለድ ድራማ «ዶክተር ሁ» ሲሆን፣ ከእርሱ የወጣውን «ቶርችዉድ»ንም በቴሌቪዥን እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። በ2009 ያንቶ ጆንስ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሲሞት እንደ ቅርብ ሰው አዝኜለት ነበር። አሁን ወደ ሥራ ስሄድ በባቡር ውስጥ የድራማውን የድምፅ ተከታታይ አዳምጣለሁ፤ ያው ያንቶም በዚያው ተዋናይ ድምፅ ሲናገር እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፣ ነገር ግን ደስታዬ ውስጥ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ይህ ናፍቆታችንን መነገጃ ማድረግ አይደለምን? የሞተ ሰው ተመልሶ የሚሰማ ከሆነስ ሞቱ ምን ክብደት ይቀረዋል? (ከለንደን)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ያነሡት ጥርጣሬ ተገቢ በመሆኑ በሁለት መስመር ልሸኘው አልፈልግም። አስቀድሜ ግን ድራማውን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል የነገሩን አመጣጥ ላስረዳ።

«ዶክተር ሁ» ኖቬምበር 23 ቀን 1963 በቢቢሲ የጀመረ፣ በጊዜና በጠፈር መካከል የሚመላለስ፣ ሊሞት ሲል መልኩንና ጠባዩን ለውጦ በሌላ ተዋናይ የሚቀጥል እንግዳ ፍጡር ታሪክ ነው። ቢቢሲ በ1989 አቋረጠው፤ በ1996 ፖል መክጋን የተጫወተበት አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ወጥቶ ሳይቀጥል ቀረ፤ ከዚያም እስከ 2005 ድረስ በስክሪን አልተመለሰም። በዚያ ረጅም የዝምታ ዘመን ታሪኩን ካቆዩት መካከል ቢግ ፊኒሽ የተባለው የድምፅ ድራማ ድርጅት አንዱ ነበር። ድርጅቱ በ1999 ፈቃድ አግኝቶ፣ በቴሌቪዥን ዶክተሩን ሆነው የተጫወቱትን ፒተር ዴቪሰንን፣ ኮሊን ቤከርንና ሲልቬስተር መኮይን በአንድ ስቱዲዮ ሰብስቦ የመጀመሪያውን ድራማ አወጣ። ያ ወርሃዊ ተከታታይ በ2021 ሲያበቃ 275 ድራማዎች ደርሶ ነበር፤ በጎኑ ደግሞ ከዋናው ታሪክ የተመዘዙ በርካታ ተቀጥላ ተከታታዮች ተወለዱ። እርስዎ የሚያዳምጡት «ቶርችዉድ»ም በድምፅ ከ2015 ጀምሮ በዚሁ ድርጅት የሚዘጋጅ ነው።

ናፍቆትን መነገጃ ስለ ማድረግ ላነሡት ነጥብ አንድ እውነታ ላስቀድም። ከድርጅቱ ዋና ዋና አዘጋጆች መካከል ኒኮላስ ብሪግስና ጋሪ ረስል፣ በ1980ዎቹ ገና ወጣቶች ሳሉ፣ ከመሰሎቻቸው ጋር ሆነው የራሳቸውን የ«ዶክተር ሁ» ድራማ በካሴት እየቀረጹ ለአድናቂዎች ያዳርሱ ከነበሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ናፍቆቱ ከውጭ መጥቶ የተጫነብን ሸቀጥ አይደለም፤ የሠሪዎቹም የገዛ ራሳቸው ናፍቆት ነው። በእርግጥ ሥራው ይሸጣል፣ ሠራተኞቹም ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም። ሆኖም ናፍቆቱ ከልብ የመነጨ መሆኑ ብቻውን ድርሰቱን መልካም አያደርገውም። ከልባቸው የናፈቁ ሰዎች ደካማ ድራማ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ ሰምተናል።

እኔ የተመለሰን ገጸ ባሕርይ የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው ቀድሞ ያልነበረው ነገር ተሰጥቶታል ወይስ የምናውቀውን እንዲደግምልን ብቻ ተጠርቷል? በድምፅ ድራማ ይህን መጠየቅ ከቴሌቪዥን ይልቅ የሚያስፈልገው፣ መመለሱ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ነው። በቴሌቪዥን አንድን የቆየ ገጸ ባሕርይ ለመመለስ ልብስ፣ መድረክ፣ ብዙ ገንዘብና ያላረጀ ፊት ያስፈልጋል። በድምፅ ግን ተዋናዩ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ማንበብ ከቻለ ይበቃል፤ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ተዋናዮቹ ከየቤታቸው ሆነው እየቀረጹ ሥራው ቀጥሏል። በር እንዲህ ወለል ብሎ ሲከፈት ማን እንደሚገባ የሚወስነው የደራሲው ብስለት ብቻ ይሆናል።

ጥሩውን ምሳሌ በቅድሚያ ልጥቀስ። ሊላ የተባለችው ተዋጊ ሴት፣ የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ፣ በ1978 ከቴሌቪዥኑ ድራማ የተሰናበተችው፣ ብዙም ከማታውቀው የጋሊፍሬይ (የዶክተሩ የትውልድ ፕላኔት) ዘብ ጋር ትዳር ልመሥርት ብላ በድንገት በመቅረት ነበር። ተመልካቹ ይህን ስንብት ፈጽሞ አልተቀበለውም፤ ሉዊዝ ጄምሰን እንደዚያ አድርጋ ሕያው ያደረገቻት፣ ደፋርና ነጻ የነበረች ሴት እንዲህ ባለ ችኮላ ልትሸኝ አይገባም ነበር። በ2004 «ጋሊፍሬይ» የተባለው ተቀጥላ የድምፅ ድራማ ሲጀመር ደራሲዎቹ ያንን ስንብት አልሰረዙትም፤ እውነት ነው ብለው ተቀብለው ከዚያ ተነሡ። ሊላ በባዕድ ሕዝብ መካከል የምትኖር፣ የጠፋ ባሏን የምትፈልግ፣ ማንም በቁም ነገር የማይቆጥራት ሴት ሆና ትመጣለች። ከጎኗ ሌላዋ የዶክተሩ የቀድሞ የጉዞ ጓደኛ ሮማና አለች፤ በላላ ዋርድ ድምፅ፣ በቴሌቪዥን ላይ ተጫዋችና ብሩህ የነበረችው ሮማና አሁን የዚያች ፕላኔት ፕሬዚዳንት ሆና በፖለቲካ ሸክም ሥር ትታያለች። በቴሌቪዥን ሊላና ሮማና በአንድ ዘመን አልነበሩም፤ አንዷ ከወጣች በኋላ ነው ሌላዋ የመጣችው። ስለዚህ ወዳጅነታቸው፣ ቅሬታቸውና መተማመናቸው ሁሉ በድምፅ ብቻ የተፈጠረ አዲስ ነገር ነው። እኔ ሊላን በደንብ ያወቅኋት ከ1977ቱ ይልቅ በዚህ ድራማ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኮሊን ቤከር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚነካ ነው። ከ1984 እስከ 1986 ዶክተሩን ሲጫወት የተሰጠው ድርሰት ገጸ ባሕርይውን ጨካኝና ተመጻዳቂ አድርጎት ነበር፤ ያለበሱትም የሚያጥበረብር የብዙ ቀለም ካፖርት ለዕይታ አስቸጋሪ ነበር፤ በመጨረሻም ከሥራው ተሰናበተ፣ ለምትኩ ቦታውን የሚያስረክብበትን ትዕይንት እንኳ ሳይጫወት ቀረ። በ1987 ሲልቬስተር መኮይ ዊግ አጥልቆ፣ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ያን ትዕይንት ለሁለቱም ተጫወተ። በድምፅ ድራማ ካፖርቱ አይታይም፤ የሚቀረው ድምፁና ድርሰቱ ነው። በ2000 ኤቭሊን ስማይዝ የተባለች፣ በማጊ ስቴብልስ የተተወነች፣ በዕድሜ የገፋች የታሪክ መምህርት አብራው እንድትጓዝ ተደረገ። ከወጣት ሴት ረዳት ጋር የለመድነው ዶክተር፣ እኩል የምትከራከረውና ሲሳሳት የምትገሥጸው ሴት ስትገጥመው ለሌሎች የሚጨነቅ፣ የሚጸጸትና የሚማር ሰው ሆነ። በ2015 ድርጅቱ ለዚህ ዶክተር በቴሌቪዥን የተነፈገውን ፍጻሜ በድምፅ ሠራለት። የቀድሞው ሥራ የበደለውን ሰው ኋለኛው ሥራ ሲክስለት ከዚህ የበለጠ ግሩም ምሳሌ አላውቅም።

በተቃራኒው የቆሙትም አሉ። ቶም ቤከር ወደ ሰማንያ በተጠጋ ዕድሜው፣ በ2012፣ ወደ ቢግ ፊኒሽ ሲገባ የብዙ ሰው ምኞት ተፈጸመ፤ የእኔም እንዲሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የወጡት በርካታ ድራማዎች የ1977ን ሙዚቃ፣ የ1977ን የክፍል ርዝመትና በየክፍሉ መጨረሻ የሚመጣውን ልብ አንጠልጣይ ትዕይንት ሳይቀር በጥንቃቄ የሚደግሙ ናቸው። በማዳምጥበት ሰዓት ይጥሙኛል፤ በሳምንቱ ግን ከታሪኩ የማስታውሰው ጥቂት ነው። የቀድሞው ልምድ በትክክል ሲደገም ደስታው በዚያው ያበቃል፤ ገጸ ባሕርይው የተነሣበት ቦታ ተመልሶ ይገባልና።

ናፍቆት የሚሸፍነው ነገር እንዳለም ልንዘነጋ አይገባም። ጃጎና ላይትፉት የተባሉት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የቲያትር ቤት ኃላፊ፣ ሌላው አስከሬን መርማሪ ሐኪም፣ በ1977 በቪክቶሪያ ዘመን ለንደን በሚካሄድ አንድ ታሪክ ውስጥ ብቅ ያሉ የጎን ገጸ ባሕርያት ነበሩ፤ ፊት ለፊት የተገናኙትም በታሪኩ መጨረሻ አካባቢ ብቻ ነው። ያ ታሪክ በአጻጻፉ የተዋጣ ቢሆንም፣ አንድ ነጭ ተዋናይ ፊቱን ተቀብቶ ቻይናዊ እንዲመስል የተደረገበት፣ ስለ ቻይናውያንም ብዙ የሚያሳፍር ነገር የተነገረበት ነው። በ2010 ሁለቱ ሰዎች በክሪስቶፈር ቤንጃሚንና በትሬቨር ባክስተር ድምፅ የራሳቸውን ተከታታይ ሲያገኙ፣ ወዳጅነታቸውን ወስዶ ያንን ነውር ወደ ኋላ መተው ተቻለ፤ ተከታታዩም 13 ምዕራፍ ዘለቀ። በልጅነታችን የወደድነውን መልሰን ስናዳምጥ ምን እንደ ወደድንና ምን ሳናስተውል እንዳለፍን ለይተን ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ፤ ጥሩ ተቀጥላ ድራማ በዚህም ይረዳናል።

አሁን ወደ ያንቶ ልምጣ። እርስዎ ከሚያዳምጧቸው ድራማዎች አብዛኞቹ ከሞቱ በፊት ባለው ዘመን የተቀመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ያንቶ ከሞት አልተነሣም። የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ የማያውቀውን እርስዎ ያውቃሉ። ስለ ነገ ሲያቅድ፣ ስለ ተራ ጉዳይ ሲቀልድ፣ ከፊቱ የቀረው ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ የሚያሰላው አድማጩ ነው። ደራሲው ይህን ዕውቀትዎን ሲጠቀምበት ሞቱ እየከበደ ይሄዳል እንጂ አይቀልም። ሲዘነጋውና ያንቶን ለአንድ ሰዓት ጀብዱ ብቻ ሲጠራው ግን፣ ያ የሚቆረቁርዎ ነገር ትክክለኛ ዳኛ ነውና ይመኑት።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ የተሻለው መልስ በ2011 በቢቢሲ ሬዲዮ 4 የተላለፈው የ«ቶርችዉድ» የሬዲዮ ድራማ ነው። እርሱ ከያንቶ ሞት በኋላ የተቀመጠ ሲሆን፣ ያንቶ ራሱ ስለ ራሱ ሞት እውነቱን የሚረዳበት ታሪክ ነው። የጻፈው ጄምስ ጎስ ኋላ የድምፅ ተከታታዩ አዘጋጅ ሆኗል። ጋሬዝ ዴቪድ-ሎይድ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚናገረውን ሰምቶ የገጸ ባሕርይው ሞት ተቃለለ የሚል ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። በቴሌቪዥን ለመሰናበት ጊዜ ያጣ ሰው እዚያ ተሰናብቷል። ካላዳመጡት፣ በባቡር ሳይሆን ብቻዎን በሚሆኑበት ሰዓት ቢያደርጉት እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ተዋናይ ካረፈ በኋላ ሌላ ሰው ድምፁን አስመስሎ ሲጫወት መስማት ይከብደኛል። በተለይ የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ የነበረችውን ጋዜጠኛ፣ ሳራ ጄን ስሚዝን፣ አሁን የሟቿ ተዋናይት ልጅ እንደምትጫወታት ሰምቼ ማዳመጥ ፈራሁ። ይህን እንዴት ያዩታል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፍርሃትዎን እረዳዋለሁ፤ ምክንያቱም ድምፅ ከፊት ይልቅ በውስጣችን ጠልቆ ይቀመጣል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ያዳመጠ ትውልድ፣ መጽሐፉን በኋላ በዓይኑ ሲያነብ እንኳ የሚሰማው የእርሱን ድምፅ ነው። ሌላ ተራኪ ያንኑ ገጽ ቢያነብ፣ ምንም ያህል ቢዋጣለት፣ አድማጩ መጀመሪያ የሚሰማው የጎደለውን ነው። «ዶክተር ሁ»ም በዚህ ረገድ የተለየ ታሪክ አለው። ቢቢሲ በ1960ዎቹ የተላለፉ ብዙ ክፍሎችን ከግምጃ ቤቱ ሰርዟል፤ ዘጠና ያህሉ እስከ ዛሬ ምስላቸው ጠፍቶ ቢቀርም የሁሉም ድምፅ ተርፏል፤ ያተረፉትም በየቤታቸው ቴፕ መቅጃቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርገው የቀዱ ተመልካቾች ናቸው። ብዙ አድናቂዎች ሁለተኛውን ዶክተር፣ ፓትሪክ ትራውተንን፣ ያወቁት በዋናነት በጆሮአቸው ነው።

የተኪ ተዋናዮች ጉዳይ አንድ ዓይነት መልስ የለውም። ጆን ፐርትዊ በ1996 ካረፈ በኋላ፣ ከ2015 ጀምሮ ሦስተኛውን ዶክተር ቲም ትሬሎር ተጫውቷል፤ የዶክተሩ ወዳጅ የሆነውን የጦር መኮንን፣ የብሪጋዴር ሌዝብሪጅ-ስቱዋርትን ቦታ፣ ኒኮላስ ኮርትኒ በ2011 ካረፈ በኋላ፣ ድምፅ በማስመሰል የታወቀው ጆን ከልሾው ይዟል። ከ1966 እስከ 1969 ከትራውተን ጋር የዶክተሩን የጉዞ ጓደኛ ጄሚን ሆኖ የተጫወተው ፍሬዘር ሃይንስ የወዳጁን ድምፅ ለዓመታት ራሱ ሲያሰማ ቆይቶ፣ በ2022 የትራውተን ልጅ ማይክል የአባቱን ሚና ወሰደ። ሊዝ ሾው የተባለችውን ሳይንቲስት በ1970 የተጫወተችው ካሮላይን ጆንም ዛሬ በልጅዋ በዴዚ አሽፎርድ ድምፅ ትሰማለች። ኤልዛቤት ስሌደን በኤፕሪል 2011 አረፈች፤ ልጅዋ ሴዲ ሚለር ሳራ ጄንን መጫወት የጀመረችው ደግሞ በ2021፣ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ማስመሰል ብቻውን ቶሎ ይደክማል። የአነጋገር ዘዬውን ጠብቆ ቃላቱን የሚያሰማ ተዋናይ፣ በትዕይንቱ ውስጥ ሊናደድ ወይም ሊፈራ ሲገባው፣ ያን ዘዬ ለመጠበቅ ሲል ስሜቱን ያጣዋል። ሴዲ ሚለርን ሳዳምጥ ግን ይህ አልሆነም። የእናቷን የጋዜጠኛ ችኮላና አፋጣኝ ጥያቄ ይዛዋለች፤ ድምፁ ግን የራሷ ነው፣ ለመደበቅም አትሞክርም። ልጅ የእናቷን ሥራ ስትቀጥል የመስማት መብት ለእኛ ለአድማጮች የተሰጠን በእርሷ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ከእኛ ናፍቆት ይልቅ የሚቀድም ይመስለኛል። ስለዚህ ቢያዳምጡት አንዳችም ክብር አይጎድልም። ቢከብድዎት ደግሞ ኤልዛቤት ስሌደን ራሷ በ2002 እና በ2006 ያወጣቻቸው የሳራ ጄን የድምፅ ድራማዎች አሉ፤ በቴሌቪዥን የራሷን ተከታታይ ከማግኘቷ በፊት የሠራቻቸው በመሆናቸው፣ ብቸኛና ተጠራጣሪ የሆነች ሌላ ሳራ ጄንን ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ የቴሌቪዥኑን ድራማ አይቼው አላውቅም፤ የሚናፍቀኝ ነገር ስለሌለ እነዚህ ድራማዎች ለእኔ የተዘጉ ናቸውን? ካልሆኑ ከየት ልጀምር? (ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

መልስ፦ የተዘጉ አይደሉም። ከፖል መክጋን ይጀምሩ። በቴሌቪዥን አንድ ፊልም ብቻ ስለ ነበረው፣ በጃንዋሪ 2001 በድምፅ ሲመለስ አድማጩ የሚያስታውስለት ብዙ ነገር አልነበረም፤ ገጸ ባሕርይውን ከሞላ ጎደል የገነባው የድምፅ ድራማው ነው። የመጀመሪያው ታሪክ በኦክቶበር 1930 በፈረንሳይ በቦቬ አቅራቢያ ወድቆ 48 ሰዎች የሞቱበት አር 101 የተባለው የብሪታንያ የአየር መርከብ ላይ ይካሄዳል። በመርከቡ ውስጥ ተደብቃ የገባች ቻርሊ ፖላርድ የተባለች ወጣት አለች፤ በኢንዲያ ፊሸር ድምፅ። ዶክተሩ ልትሞት የተጻፈባትን ይህችን ልጅ ያድናታል፤ የማዳኑም መዘዝ ቀጣዮቹን ድራማዎች ሁሉ ይከተላል። ከእነዚያ ድራማዎች የተገኙ ስሞች በኖቬምበር 2013 ወደ ቴሌቪዥኑ ዓለም ገብተዋል፤ መክጋን ለአጭር ክፍል በተመለሰበት ጊዜ፣ ከመለወጡ በፊት፣ በድምፅ ብቻ የምናውቃቸውን የመንገድ ጓደኞቹን ከቻርሊ ጀምሮ አንድ በአንድ በስም ጠርቷል።

ቻርሊ ራሷም በ2014 የራሷን ተቀጥላ ተከታታይ አግኝታለች፤ በ2001 አዲስ የነበረችው ገጸ ባሕርይ በዚያን ጊዜ ናፋቂዎች ያሏት ተመላሽ ሆና ነበር። እርስዎም እነዚያን ድራማዎች ካዳመጡ በኋላ ወደዚያ ሲደርሱ የሚሰማዎት ነገር ከማንም የቆየ ተመልካች ያነሰ አይሆንም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠብቁ፤ የቻርሊ ታሪክ የሚያያዘው በወጡበት ዓመት ነውና፣ ከመሃል መጀመር የመጀመሪያውን ድራማ ምሥጢር አስቀድሞ ይገልጥብዎታል። «ጋሊፍሬይ»ን ከዚያ በኋላ ያቆዩት፤ «ቶርችዉድ» ግን ጨለማና ለዐዋቂዎች ብቻ የተጻፈ ስለ ሆነ ልጆች ባሉበት እንዳያዳምጡት።